የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ቢጎዳን ማንን ነው የምንከሰው?

እሁድ ከሰዓት ነው። አዳማ፣ ፍራንኮ አካባቢ፣ አክስቴ ግቢ ውስጥ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠናል። ሙቀቱ ገና አልበረደም። ሳሎን ያለው ቴሌቪዥን ስለ አሜሪካ ያወራል። የፌዴራል መንግሥቱ የጸጥታ ሠራተኞች በሰው ላይ ጉዳት አድርሰው፣ ሕዝቡ ማን ይጠየቅ እያለ ነው። ጎረቤታችን ጋሼ "እዚያ እኮ ሰው መንግሥትን ይከሳል" አሉ። አክስቴ ስኒ እያለቀለቀች "እዚህስ?" አለች።

ማንም አልመለሰላትም። ለምን እንደጠየቀች ሁላችንም እናውቃለን።

ከአራት ዓመት በፊት ልጇ ማታ ወደ ቤቱ ሲመለስ ፍተሻ ላይ ተደብድቦ ቀኝ ክንዱ ተሰበረ። ባጃጅ ነበር የሚነዳው። ለስድስት ወር መሪ መያዝ አቃተው። የመታው ሰው የደንብ ልብስ ለብሷል። የየትኛው ኃይል ባልደረባ እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አናውቅም። ቤተሰቡ "እንኳን ነፍሱ ተረፈች" ብሎ ዝም አለ። ጊዜው ካለፈ በኋላ እንክሰስ ወይ ብለን ስናማክር አንድ የምናውቀው ሰው "ሁለት ዓመት አልፎታል፣ አበቃ" አለን። አመንነው።

እኔ ሕግ የተማርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። ሰውየው የነገረን ግማሹን ብቻ እንደነበረ የገባኝም ያኔ ነው። ይህን የምጽፈው አክስቴ ለጠየቀችው ጥያቄ መልስ እንዲሆን ነው። በየቤቱ ተመሳሳይ ጥያቄ ይዞ የተቀመጠ ሰው እንዳለም አውቃለሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ የመታኝ ማን ነው?

ከተማችን ውስጥ የደንብ ልብስ የሚለብሰው ብዙ ነው። የኦሮሚያ ፖሊስ አለ። ትራፊክ አለ። ሚሊሻ አለ። የፌዴራል ፖሊስ አለ። የባንክና የፋብሪካ ጥበቃም አለ፤ እሱ የድርጅት ሠራተኛ ነው። ለተመታ ሰው ዱላው ያው ዱላ ነው። ለሕጉ ግን ልዩነት አለው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከሕገ መንግሥቱ ነው። አንቀጽ 51 የፌዴራል መንግሥቱ የፌዴራል ፖሊስ እንዲያደራጅ ሥልጣን ይሰጠዋል። አንቀጽ 52 ደግሞ ክልሎች የራሳቸውን ፖሊስ እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ስለዚህ ሁለት የተለያዩ አሠሪዎች አሉ። የፌዴራል ፖሊስ አባል ቢያጠፋ ጥያቄው ወደ ፌዴራል መንግሥት ይሄዳል። የክልል ፖሊስ ከሆነ ወደ ክልሉ ነው። ክሱን የሚያየው ፍርድ ቤት በምን ሥልጣን እንደሚያየውም በዚሁ ይለያል።

ስለዚህ ከስሙ በፊት እንኳ የየት ባልደረባ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። የልብሱ ቀለም፣ ክንዱ ላይ ያለው ምልክት፣ የመኪናው ሰሌዳ ቁጥር ወይም መኪናው ላይ የተጻፈው ነገር፣ ሰዓቱ፣ ቦታው። ሰው ሲመታ ይህን ሁሉ ማየት አይችልም፣ አውቃለሁ። አጠገቡ የነበረ ሰው ግን ሊያይ ይችላል። የአክስቴ ልጅ ጉዳይ የተንጠለጠለው እዚህ ላይ ነው።

ፖሊስ ይከሰሳል እንዴ?

አዎ። ብዙ ሰው "ሕግ አስከባሪ አይከሰስም" ብሎ ያምናል። ሕጉ ላይ እንዲህ የሚል ነገር የለም።

የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የወጣው በ1952 ዓ.ም. ነው። ረቂቁን ያዘጋጁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። እዚያ ውስጥ "ከውል ውጭ የሚደርስ ኃላፊነት" የሚባል ክፍል አለ። ትርጉሙ ቀላል ነው። ሁለት ሰዎች ምንም ውል ሳይኖራቸው አንዱ ሌላውን ከጎዳ፣ የጎዳው ይክሳል። ካሳ ማለት ሰውየው ሳይጎዳ ኖሮ ይሆን ወደነበረበት ቦታ፣ ገንዘብ በሚችለው መጠን፣ መመለስ ነው። ቅጣት አይደለም።

በዚሁ ክፍል አንቀጽ 2126 ስለ መንግሥት ሠራተኛ ይናገራል። የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ በሰው ላይ ላደረሰው ጉዳት ራሱ ካሳ ይከፍላል። ይህ መነሻው ነው። "ሥራ ላይ ነበርኩ" ማለት ብቻውን አያድነውም።

በሥራቸው ምክንያት በዚህ ክፍል መሠረት የማይከሰሱ ሰዎችም አሉ። አንቀጽ 2138 ይዘረዝራቸዋል፦ የመንግሥት ሚኒስትሮች፣ የፓርላማ አባላት፣ ዳኞች። ዝርዝሩ አጭር ነው። ፖሊስ የለበትም። እነዚህም ቢሆኑ ከሥራቸው ጋር በተያያዘ ወንጀል ከተፈረደባቸው ከለላው ይነሳል። ይህን አንቀጽ መጀመሪያ ያነበብኩ ቀን ወደ ኋላ ተመልሼ ደግሜ አነበብኩት። ፖሊስ የሚለው ቃል የለም። ለዓመታት ቤታችን ውስጥ እንደ ሕግ ስናወራው የነበረው ነገር ወሬ ነበር።

ታዲያ የሚከፍለው ግለሰቡ ነው ወይስ መንግሥት?

ጠቅላላው ጉዳይ የሚዞረው በዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ቀስ ብለን እንየው።

ሕጉ ሁለት ዓይነት ጥፋት ይለያል፤ የሥራ ጥፋትና የግል ጥፋት።

አንድ ባለሱቅ ዘበኛ ቀጠረ እንበል። ዘበኛው ማታ በሱቁ በር በኩል የሚያልፍ ሰው አየ። ሌባ መሰለው። በዱላ መታው። ሰውየው ሌባ አልነበረም። ዘበኛው ተሳስቷል፣ ግን የተሳሳተው ሱቁን እጠብቃለሁ ብሎ ነው። ይህ የሥራ ጥፋት ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ነገር እናስብ። ያው ዘበኛ በገንዘብ የተጣላው ጎረቤት አለው። ያ ጎረቤት በዚያ ሲያልፍ አየውና በዚያው የሱቅ ዱላ መታው። ዱላው አንድ ነው፣ ቦታው አንድ ነው፣ ሰዓቱም አንድ ነው። ልቡ ግን ሌላ ነው። ይህ የግል ጥፋት ነው።

አንቀጽ 2127 ለመንግሥት ሠራተኛ የሚያስቀምጠው መለያ ከዚህ ጋር ይመሳሰላል። ሠራተኛው በሥልጣኑ ክልል ውስጥ እየሠራሁ ነው፣ ለመንግሥትም ጥቅም ነው ብሎ በቅን ልቦና አምኖ ካደረገው የሥራ ጥፋት ነው። ከዚህ ውጭ ያለው ሁሉ የግል ነው።

ውጤቱ ይኸውና። ጥፋቱ የሥራ ከሆነ ተጎጂው ሠራተኛውንም መንግሥትንም መጠየቅ ይችላል። መንግሥት ከከፈለ በኋላ ዞሮ ሠራተኛውን "የከፈልኩትን መልስልኝ" ማለት ይችላል። ጥፋቱ የግል ከሆነ ግን መንግሥት ይወጣል። የሚቀረው ግለሰቡ ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ሕጉ ሠራተኛው በቅን ልቦና እንደሠራ ይገምታል። አይደለም የሚል ወገን ማስረዳት አለበት። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይናደዳል። "እኔን ሰብሮኝ ቅን ልቦና አለው ይባላል?" ብሎ። አክስቴም እንዲህ ነው ያለችኝ።

ግን ረጋ ብለን እናስበው። ግምቱ "ቅን ልቦና ነበረው" ካለ፣ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ነው ማለት ነው። የሥራ ጥፋት ከሆነ ደግሞ መንግሥት ይጠየቃል። ስለዚህ ግምቱ ተጎጂውን መክፈል ወደሚችለው ወገን ያደርሰዋል። ግለሰብ ፖሊስ ደመወዝተኛ ነው። ተፈርዶበትም ላይኖረው ይችላል። መንግሥት ግን አለው። በሌላ በኩል ተጎጂው ተናዶ "ይህ ሰው በክፋት፣ በቂም ነው የመታኝ" ብሎ ካስረዳ፣ ጥፋቱን የግል ያደርገዋል። መንግሥትን ከክሱ የሚያስወጣው ራሱ ተጎጂው ይሆናል።

ለእኔ ይህ የሕጉ ከባዱ ቦታ ነው። ጭካኔው በከፋ ቁጥር የመንግሥት ጠበቃ "ይህማ የግል ጥፋት ነው፣ እኛን አይመለከትም" ለማለት ይመቸዋል። በጣም የተጎዳው ሰው በጣም ባዶ ኪስ ፊት ሊቆም ይችላል። ሕጉ ይህን ክፍተት አልደፈነውም፣ መደፈን ነበረበት ብዬም አምናለሁ። እስከዚያው የክስ አቤቱታ የሚጽፍ ሰው ቃላቱን በጥንቃቄ መምረጥ አለበት። የሆነውን ነገር በትክክል መጻፍ፣ ስለ ሰውየው ልብ ግን ከሚያስፈልገው በላይ አለመናገር። ይህ የጠበቃ ሥራ ነው፣ ከተገኘ።

ፖሊስ ኃይል የተጠቀመበት ሁሉ ጥፋት ነው?

አይደለም። ፖሊስ በሕግ ኃይል የመጠቀም ሥልጣን አለው። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 68 ሕግ በፈቀደው ልክ የተፈጸመ የመንግሥት ሥራ ወንጀል አይደለም ይላል። ቢላዋ ይዞ ሰው ላይ የሚሮጥን ሰው ጠልፎ መጣል ጥፋት አይሆንም። ቁልፉ "በልክ" የሚለው ቃል ነው። ሰውየው እጁን ከሰጠ በኋላ፣ ከተያዘ በኋላ፣ ከወደቀ በኋላ የሚመጣው ዱላ ግን ያ ልክ የለውም። ምስክር ፍርድ ቤት ቀርቦ ሲናገር ከሁሉ የሚጠቅመው "መታው" ማለቱ ሳይሆን "ከያዘው በኋላ መታው" ማለቱ ነው።

መታሰርስ? እስር ቤት ውስጥ የሆነውስ?

ዱላ ብቻ አይደለም ጉዳት። ያለ ሕግ ሰው ማሰርም ጉዳት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2040 ያለ ሕጋዊ ሥልጣን የሰውን ነፃነት መንካት፣ ለአጭር ጊዜም ቢሆን፣ ጥፋት ነው ይላል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ወደ ፍርድ ቤቱ ለመድረስ የሚወስደው አግባብ ያለው የመንገድ ጊዜ አይቆጠርም። ካልቀረበ፣ ቤተሰቡ ዝም ብሎ በር ላይ መጠበቅ የለበትም። "አካልን ነፃ የማውጣት" የሚባል አቤቱታ አለ። ፍርድ ቤቱን "ይህን ሰው አምጥተው ለምን እንደያዙት ይናገሩ" ብሎ መጠየቅ ነው። ይህ የካሳ ክስ አይደለም። ሰውየውን የማውጫ መንገድ ነው። ካሳው በኋላ ይመጣል።

ይህ ወንጀልም አይደለም እንዴ?

ሊሆን ይችላል። አንድ ድርጊት ሁለት በር ሊከፍት ይችላል። በአንደኛው በር ተጎጂው ካሳ ይጠይቃል። በሁለተኛው መንግሥት ራሱ በዐቃቤ ሕግ በኩል አጥፊውን ይከሳል፣ ፍርዱም እስር ሊሆን ይችላል።

በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ሁለት አንቀጾች እዚህ ላይ ዋና ናቸው። አንቀጽ 423 ከሕግ ውጭ ሰው የሚያስር የመንግሥት ሠራተኛን እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። አንቀጽ 424 ደግሞ በተያዘ ወይም በሚመረመር ሰው ላይ ድብደባ፣ ጭካኔ ወይም ማሰቃየት የፈጸመን ሠራተኛ የሚመለከት ነው። ከባድ ሲሆን ይህም እስከ አሥር ዓመት ይደርሳል። ያዘዘው አለቃ ካለ ለእሱ ጣሪያው ከፍ ይላል፤ እስከ አሥራ አምስት ዓመት።

"ታዝዤ ነው" የሚለውስ? አንቀጽ 74 ላይ ታዛዡ ትእዛዙ ሕገ ወጥ መሆኑን እያወቀ ከፈጸመ ከተጠያቂነት አይድንም። አለቃም ታዛዥም አብረው ሊጠየቁ ይችላሉ።

የወንጀሉ በር ግን አንድ ትልቅ ችግር አለበት። ቁልፉ በተጎጂው እጅ አይደለም። ምርመራውን የሚያካሂደው ፖሊስ ነው፣ የሚከሰው ዐቃቤ ሕግ ነው። የአንድ መሥሪያ ቤት ሰው የራሱን ባልደረባ ሲመረምር ነገሩ ምን ያህል እንደሚከብድ መናገር አያስፈልግም። ስለዚህ አቤቱታ በቃል ብቻ አይሰጥም። በጽሑፍ ይሰጣል፣ ቅጂው ላይ የተቀባዩ ፊርማና ቀን ይወሰዳል። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም በነፃ ማመልከት ይቻላል። ኮሚሽኑ ፍርድ ቤት አይደለም፣ ካሳ አይፈርድም። ግን ይመረምራል፣ ግኝቱን ይጽፋል። ያ ወረቀት ኋላ ላይ ይጠቅማል።

ዐቃቤ ሕግ ከከሰሰ ተጎጂው የካሳ ጥያቄውን ከወንጀሉ ክስ ጋር አብሮ ማቅረብ ይችላል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 101 ይፈቅዳል። ካልከሰሰስ? ወይም ፖሊሱ በነፃ ቢለቀቅስ? የካሳው በር አይዘጋም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2149 የካሳ ጉዳይ የሚያየው ዳኛ በወንጀሉ ነፃ መባል እንደማይታሰር ይናገራል። ወንጀል ለማስረዳት የሚፈለገው ማስረጃ ከባድ ነው። ለካሳ የሚፈለገው ከዚያ ያነሰ ነው።

ለፌዴራል ጉዳይ አዲስ አበባ መመላለስ አለብኝ?

የአዳማ ሰው መጀመሪያ የሚፈራው ይህን ነው። ልደታ ያለው ፌዴራል ፍርድ ቤት መመላለስ፣ ሥራ መፍታት፣ የትራንስፖርት ወጪ።

አያስፈልግም። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኛ ከሥራው ጋር በተያያዘ የሚጠየቅበት ጉዳይ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሥልጣን ሥር የሚወድቅ ነው። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 ላይ ይህን ሥልጣን ለክልል ፍርድ ቤቶች ደርቦ ሰጥቷል፤ ውክልና የሚባለው ነው። የክልል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትን ሥራ ይሠራል። የክልል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤትን ሥራ ይሠራል። ዳኛው ያው ዳኛ ነው፣ ችሎቱም ያው ችሎት ነው። በዚያች ሰዓት ግን የፌዴራል ኮፍያ አድርጎ ነው የተቀመጠው ማለት ይቻላል። ይግባኙ በክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በኩል ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሊሄድ ይችላል።

በመንግሥት በኩል የሚከራከረው ማን ነው? ፍትሕ ሚኒስቴር የፌዴራል ተቋማትን በፍትሐ ብሔር ክርክር የመወከል ሥልጣን አለው። ስለዚህ በዚያ ወገን በቂ ጠበቃ እንደሚቀርብ አስባችሁ ተዘጋጁ።

አንድ ተግባራዊ ነገር። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው። ክሱን የሚጽፍላችሁ ሰው ቋንቋውንም ሕጉንም የሚችል ይሁን። የዳኝነት ክፍያ ለመክፈል አቅም የሌለው ሰው ደግሞ "በደሃ ደንብ" ልክሰስ ብሎ መጠየቅ ይችላል። ፍርድ ቤቱ አቅሙን አጣርቶ ሲፈቅድለት የዳኝነት ክፍያ ሳይከፍል ክሱ ይከፈታል። ይህን መብት የማያውቅ ስንት ሰው ከመዝገብ ቤት በር ተመልሶ ይሆን!

ሁለት ዓመት ካለፈ አበቃለት?

እኛን ዝም ያሰኘን ይህ ነው።

ይርጋ ማለት ሕግ ለመክሰስ የሚሰጠው የጊዜ ገደብ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 እንዲህ ላለው ካሳ ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ይሰጣል። እዚህ ድረስ የምናውቀው ሰው የነገረን ትክክል ነበር።

አንቀጹ ግን ሁለተኛ ንዑስ አንቀጽ አለው። ጉዳቱ ከወንጀል የመጣ ከሆነ፣ ለዚያ ወንጀልም የወንጀል ሕጉ ከሁለት ዓመት የረዘመ ይርጋ ካስቀመጠ፣ የካሳው ክስ በረዥሙ ይሄዳል። ከባድ የአካል ጉዳት ማድረስ፣ ከሕግ ውጭ ማሰር፣ ማሰቃየት፤ እነዚህ በወንጀል ሕጉ ይርጋቸው ከሁለት ዓመት በጣም ይርቃል። ማሰቃየት፣ ሰውን ሰውሮ ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል በሰው ዘር ላይ የተፈጸመ ወንጀል ደረጃ ላይ ከደረሱ ደግሞ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 ይርጋ አይነካቸውም ይላል። ምሕረትም አይደረግላቸውም።

ሌላው፣ ይርጋን የሚያነሳው ተከሳሹ ነው። ተከሳሹ ካላነሳው ዳኛው በራሱ አንስቶ መዝገቡን አይዘጋም። በመንግሥት በኩል የሚቀርበው ጠበቃ ግን እንደሚያነሳው እርግጠኛ ሁኑ። ስለዚህ የሚሻለው በሁለቱ ዓመት ውስጥ መክሰስ ነው። ካለፈ ግን "አበቃ" ብሎ ከመተኛት በፊት ድርጊቱ በወንጀል ሕጉ ምን እንደሚባል የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ።

ስንት ይከፈለኛል?

ካሳው ከጉዳቱ ጋር እኩል ነው። የሕክምና ወጪ፣ የቀረ ገቢ፣ ወደፊት እንደሚደርስ እርግጥ የሆነ ጉዳት ይታሰባል። ሰው ከሞተ ባል ወይም ሚስት፣ ልጆች፣ ወላጆች የቀረባቸውን መተዳደሪያ መጠየቅ ይችላሉ።

የባጃጅ ሹፌር የደመወዝ ወረቀት የለውም። እንጀራ ጋጋሪም የላትም። ገቢውን በሳንቲም ማስረዳት ያልቻለ ሰው ባዶ እጁን አይመለስም። አንቀጽ 2102 ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው መጠን፣ እንዲቆርጥ ይፈቅዳል። ተራ የሚጠብቁ ጓደኞቹ ቀርበው "በቀን ይህን ያህል እንሠራለን" ቢሉ ያግዛል።

የህሊና ጉዳት ካሳ ግን ሌላ ነው። ፍርሃቱ፣ ውርደቱ፣ ልጆቹ ፊት መመታቱ። ለዚህ አንቀጽ 2116 ጣሪያ አስቀምጧል፤ 1,000 ብር። ሕጉ ሲወጣ፣ በ1952 ዓ.ም.፣ ሺህ ብር ገንዘብ ነበር። ዛሬ የአንድ ቀን የሐኪም ቤት ምልልስ አይችልም። ሌሊት ላይ እየጮኸ የሚነሳን ሰው ሕመም በዚህ ቁጥር መለካት ያሳዝነኛል። ጣሪያውን ማንሳት የሕግ አውጪው ሥራ ነው፣ ዳኛው አንቀጹን መዝለል አይችልም።

ጋሼ እንዳሉት አሜሪካ ቀላል ነው?

እኔም ይመስለኝ ነበር። እንዲያውም በአንዳንድ ነገር የኛው ሕግ ግልጽ ነው።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1871 የወጣ ሕግ አለ። የክፍለ ግዛት ወይም የከተማ ፖሊስ ሕገ መንግሥታዊ መብቱን የጣሰበት ሰው በዚህ ሕግ ይከሳል። ሕጉ ግን የፌዴራል ሠራተኞችን አይጠቅስም። ክፍተቱ ብዙ ዘመን ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1965 ኒው ዮርክ ውስጥ ስድስት የፌዴራል የአደንዛዥ ዕፅ ወኪሎች ቢቨንስ የሚባል ሰው ቤት ያለ ፍርድ ቤት ፈቃድ ገብተው፣ ሚስቱና ልጆቹ ፊት በካቴና አሰሩት። ከሰሰ። በ1971 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት "ወኪሎቹን በግል ካሳ መጠየቅ ትችላለህ" አለ። ይህ በር ከ1980 በኋላ እየጠበበ መጣ። በ2022 በተሰጠ አንድ ውሳኔ ፍርድ ቤቱ ከእንግዲህ ለአዲስ ዓይነት ጉዳይ በሩን ለመክፈት ፈቃደኛ አለመሆኑን ግልጽ አደረገ።

የቀረው መንገድ መንግሥትን መክሰስ ነው። ለዚህ በ1946 የወጣ ሕግ አለ። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት የጦር አውሮፕላን በጭጋግ ኢምፓየር ስቴት ሕንፃ ላይ ተከስክሶ 14 ሰዎች ሞተው ነበር፤ ተጎጂዎቹ መንግሥትን የሚከሱበት ሕግ አለመኖሩ ያኔ በግልጽ ታየ። ያም ሕግ ቢሆን መጀመሪያ ድብደባንና ሕገ ወጥ እስርን አይጨምርም ነበር። በ1973 የፌዴራል ወኪሎች ኢሊኖይ ውስጥ ኮሊንስቪል በምትባል ከተማ በስህተት የማይመለከታቸው ሰዎች ቤት ሰብረው ከገቡ በኋላ፣ በ1974 ሕጉ ተሻሻለ። በ1988 የወጣ ሌላ ሕግ ደግሞ ሠራተኛው በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው እንዲህ ያለ ጉዳት መንግሥት በቦታው እንዲተካ አደረገ። እኛ ዘንድ ለሥራ ጥፋት ሁለቱም ይጠየቃሉ። እዚያ ሠራተኛው ይወጣል፣ መንግሥት ይቀራል።

ተጎጂው መጀመሪያ ለመሥሪያ ቤቱ በጽሑፍ የሚያመለክትበት ጊዜ እዚያም ሁለት ዓመት ነው። ለጋሼ ይህን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከመጀመሪያው ቀን ምን ይያዝ?

ከሁሉ በፊት ሐኪም ቤት። ቁስል ይድናል፣ ሰምበር ይጠፋል፣ አጥንት ይገጥማል። ወረቀቱ ግን ይቀራል። ለሐኪሙ "ወደቅኩ" አይባልም። እንዴት እንደተጎዱ እውነቱን ይናገራሉ፣ ካርዱ ላይ ይጻፋል። ብዙ ሰው ፈርቶ "ከደረጃ ወደቅኩ" ይላል። ከሁለት ዓመት በኋላ ያ አንድ መስመር ክሱን ይገድለዋል።

ከዚያ የምስክር ስልክ ቁጥር። የለበሱትን የተቀደደ ወይም ደም የነካው ልብስ ሳያጥቡ ማስቀመጥ። የሆነውን በዚያው ሌሊት፣ ካልሆነም በማግስቱ፣ በራስ ቃል ጽፎ ቀን ማስፈር። የሕክምና ደረሰኝ ሁሉ በአንድ ፖስታ።

የዚያን ዕለት ቡናው ሦስተኛው ሲቀዳ አክስቴ ተነስታ ጓዳ ገባች። ከቁም ሣጥኑ ላይ ትልቅ ቡናማ ፖስታ አወረደች። ውስጡ የክንዱ ራጅ ነው። ዳር ላይ በእስክሪብቶ ቀኑ ተጽፏል። ከራጁ ጋር የታጠፈ የሕክምና ወረቀት አለ። ማህተሙ ይታያል፣ የሐኪሙ ፊርማ አይነበብም፣ የካርድ ቁጥሩ ግን ይነበባል። "የጉዳቱ ምክንያት" በሚለው ፊት "በዱላ ተመትቶ" ይላል። የአክስቴ ልጅ አልዋሸም ነበር።

ራጁን ወደ ፀሐይ አንስቼ አየሁት። እሱ አጠገቤ ቁጭ ብሎ የድሮ ስልኩን ይነካካል። ያን ሌሊት ባጃጁ ውስጥ አንዲት ተሳፋሪ እንደነበረች አሁን ገና ነው የነገረን። "ቁጥሯን ሳልመዘግበው አልቀርም" አለ። ሰኞ ጠዋት የሐኪም ቤቱን ማህደር ክፍል ልንጠይቅ ተቀጣጥረናል። እሱ እስከዚያ ቁጥሯን ይፈልጋል።